የአልጀብራ ምርምር ወዴት እያደላ እንደሆነ እንዴት ማየት ይቻላል

ሐዋሳ ላይ በሒሳብ ማስተርስ የሚማር ሰው ፕሮፖዛል ሊጽፍ ሲነሳ «ፈዚ ላይ ሥራ፣ ቶሎ ይታተማል» የሚል ምክር አያጣም። (ፈዚ ማለት አንድ ነገር የስብስብ አባል መሆኑ «ነው» ወይም «አይደለም» ሳይባል በደረጃ የሚለካበት ሒሳብ ነው።) እውነት ይሁን ወሬ ራሳችሁ ማጣራት ትችላላችሁ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የሒሳብ ጽሑፎች መዝገብ የሆነው ማትሳይኔት የሚከፈልበት ስለሆነ ዝለሉት። ተመሳሳይ መዝገብ የሆነው ዜድቢማት ኦፕን (zbMATH Open) ከ2021 ጀምሮ ለማንም ክፍት ነው። ጎግል ስኮላር ጽሑፍ ለማግኘት ግሩም ነው፤ ለቆጠራ ግን አይታመንም፣ ራሱም ቁጥሩን የሚሰጠው «ገደማ» እያለ ነው።

በቃል ሳይሆን በዘርፍ ቁጥር፣ ማለትም ለየሒሳብ ዘርፉ በተሰጠው መለያ፣ ፈልጉ። በአልጀብራ የአንድ መዋቅር ስም የሆነውን «ፊልድ» ብትጽፉ ፊዚክሱም ምኑም ይመጣል። ላቲስ 06፣ ኮሚዩቴቲቭ አልጀብራ 13፣ አሶሲየቲቭ ሪንግ 16፣ ግሩፕ ቲዎሪ 20 ነው። አዝሪኤል ሮዘንፌልድ በ1971 ያስተዋወቀው ፈዚ ግሩፕ ደግሞ 20ኤን25 (20N25) የሚል የራሱ መለያ አለው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩን ካገኘ በኋላ ነው። የ2000ን ከ2020 ጋር አስተያይቶ «እጥፍ ሆኗል» ይላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን የሚታተመው የሒሳብ ጽሑፍ ሁሉ በዝቷል። እንበልና አንድ ርዕስ ከ40 ወደ 80 አደገ፤ የዘርፉ ድምር ከ2,000 ወደ 4,000 ከደረሰ ድርሻው ያው 2 በመቶ ነው፣ አላደገም። ስለዚህ ለየዓመቱ ሁለት ቁጥር መዝግቡ፣ የርዕሱንና የዘርፉን፤ ከዚያ አካፍሉ። ኤክሴል አያስፈልግም፣ ደብተር ይበቃል፤ ኔትወርክ ሲጠፋም ደብተሩ አይጠፋም።

ሌላም ወጥመድ አለ። የመጨረሻው ዓመት የወደቀ ይመስላል፤ የወጡት ጽሑፎች ገና ተመዝግበው ስላላለቁ ነው። እሱን ተዉት። የዘርፍ ቁጥሮቹም በ2000፣ በ2010 እና በ2020 ተከልሰዋል፤ ቁጥሩ በእነዚህ ዓመታት አካባቢ ድንገት ከዘለለ ወይም ካሽቆለቆለ መጀመሪያ መለያው መቀየር አለመቀየሩን እዩ።

ከውጤቱ ጎን የጆርናሎች ዝርዝር አለ። ለእኔ ከድርሻው በላይ የሚናገረው እሱ ነው። ርዕሱ ከ1964 ጀምሮ በሚወጣው ጆርናል ኦፍ አልጀብራ ወይም ከ1974 ጀምሮ በሚወጣው ኮሚዩኒኬሽንስ ኢን አልጀብራ ላይ የሚታይ ከሆነ ሌላው የአልጀብራ ሰው ያነበዋል። በሁለት ሦስት ጆርናል ታጥሮ ደራሲዎቹ እርስ በርስ ብቻ የሚጠቃቀሱበት ከሆነ ግን፣ ድርሻው ቢያድግም እኔ አልገባበትም። «በሳምንት እንቀበላለን» የሚል ጆርናልማ ከነጭራሹ አይቆጠር፤ ማረጋገጫን መስመር በመስመር የሚያይ ገምጋሚ ወራት ይወስዳል።