በክረምት አልነሳ ያለ የፒያኖ ቁልፍ እንዴት ይስተካከላል?

ሐምሌ ሲገባ ደብረ ማርቆስ ላይ ሁለት ነገር አይቀርም፤ ጭጋግና «ቲቸር፣ ሶል ተኝታለች» የሚል ልጅ። የሶል ድምፅ ቁልፍ ሲጫኑት ይወርዳል፣ ግን አይነሳም። ልጆች የሚለማመዱባቸው ያገለገሉና ርካሽ የቁም ፒያኖዎች ላይ በየክረምቱ ያለ ነገር ነው። ቁልፉ እንጨት ነው፤ የብረት ፒኖች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎቹ ደግሞ በሱፍ ጨርቅ የተለበጡ ናቸው። ሁለቱም እርጥበት ሲጠጡ ያብጣሉ። ለአንዲት ሶል ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ባለሙያ ደግሞ የለም።

ካቻቢቴና ባትሪ ያዙ። የላይኛውን ክዳን ክፈቱ፣ የፊት ሰሌዳውን አውጡ። በቁልፎቹ መካከል እያበራችሁ እዩ። እርሳስ፣ ሳንቲም፣ የማስቲካ ወረቀት... እኔ አንዴ የጆሮ ጌጥ አግኝቻለሁ። ሥራው እዚህ ላይ ካለቀ ዕድለኛ ናችሁ።

ካላለቀ፣ የተያዘው ቁልፉ ነው ወይስ ሽቦውን የሚመታው መዶሻ? ብዙ ሰው ይህን ሳይለይ ነው መፍታት የሚጀምረው። ቁልፉን ተጫኑና ልቀቁ። መዶሻው ወደ ቦታው ተመልሶ ቁልፉ ብቻ ታች ከቀረ ችግሩ ቁልፉ ላይ ነው። መዶሻው ሽቦው አጠገብ ቆሞ ከቀረና ቁልፉ በጣት ሲያነሱት እንደ ልብ ከተነሳ ግን የተያዘው የመዶሻው ማጠፊያ ነው። እሱን ለባለሙያ ተዉት። ማጠፊያው በጣም ቀጭን ስለሆነ በቀላሉ ይሰበራል።

ቁልፉ ከሆነ መጀመሪያ ከቁልፎቹ ፊት ያለውን ቀጭን ጣውላ ፍቱ። አብጦ ቁልፎቹን እየነካ ሊሆን ይችላል። ሲፈታ ቁልፉ ከተነሳ፣ ከብሎኖቹ አጠገብ የሰርግ ጥሪ ካርድ ቁራጭ ከጣውላው ጀርባ አስገብታችሁ መልሳችሁ እሰሩት። በየቤቱ የማይጠፋ ካርድ ነው፤ ውፍረቱም ልክ ነው።

አሁንም ካልተነሳ ቁልፉ ይውጣ። የቁልፎቹን መሸፈኛ ክዳን አውጡ። ቁልፉን ከፊትና ከመሃል ካሉት ፒኖች ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሱና ወደ እናንተ ሳቡት። እንዳታጣምሙት፤ መሃሉ ላይ ይሰነጠቃል። ከአንድ በላይ ካወጣችሁ ቁጥራቸውን እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 88 ተመቶባቸዋል።

ከቁልፉ ሥር ከፊት በኩል ያለው ቀዳዳ ግራና ቀኙ ቀይ ሱፍ ነው። ለስላሳ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ አስገቡና ሱፉን ወደ እንጨቱ ጫን አድርጉት፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ። አትፋቁት። መልሳችሁ ሞክሩት። ቁልፉ ወደ ጎን የወረቀት ውፍረት ያህል ከተነቃነቀ በቂ ነው። ካልሆነ የመሃሉንም ቀዳዳ እንዲሁ አድርጉ፤ እዚያ ግን እጃችሁ ይበልጥ ይቅለል።

«ትንሽ ልጨምርለት» የምትለዋን ሐሳብ ተጠንቀቁ። በመጀመሪያው ዓመት ስምንት ቁልፍ አንድ በአንድ አላላሁና በራሴ ኮራሁ። ጥር ላይ አየሩ ሲደርቅ እንጨቱም ሱፉም ሟሸሸ፤ ልጆቹ ሲጫወቱ ቁልፎቹ ብርድ እንደያዘው ሰው ጥርስ ይንገጫገጩ ነበር። አሁን ሐምሌ ላይ ትንሽ ጠበቅ ያለውን ቁልፍ፣ በራሱ እስከተነሳ ድረስ አልነካውም።

ዘይት ደግሞ በፍጹም! የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ያደረግሁባት ፋ ለአንድ ሳምንት እንደ አዲስ ሠራች። ከዚያ ሱፉ ዘይቱንና አቧራውን ጠጥቶ ሙጫ ሆነ። ጨርቁን ፍቄ አውጥቼ አዲስ እስክለብጥ ድረስ ልጆቹ ያለ ፋ ከረሙ።

አንዳንዶች ከፒያኖው ሥር የሚሞቅ አምፖል ያበራሉ። ያደርቃል፤ ግን ሱፍና ደረቅ እንጨት አጠገብ፣ ልጅ በሚሯሯጥበት ቤት፣ እኔ አልደፍርም። ፒያኖውን ከውጭው ግድግዳ አርቁት፤ ፀሐይ ብቅ ስትል ክዳኑን ክፈቱት።

ድምፁ ከፍ ብሎ ከሰማችሁ ደግሞ የመቃኛ ቁልፍ አታንሱ። ከሽቦዎቹ ጀርባ ያለው የእንጨት የድምፅ ሰሌዳም በእርጥበት ያብጥና ሽቦዎቹን ይወጥራል። ቅኝቱን ለኅዳር አቆዩት።