የሙዚቃ ቲዎሪና ኮግኒሽን ፒኤችዲ ለመማር፦ ከጥያቄው ጀምሩ

የትዝታ ዜማ እየሰማን የት ላይ እንደሚያርፍ ቀድመን እንገምታለን። እንዴት? የሙዚቃ ቲዎሪ ሰው ዜማውን በታትኖ ድምፆቹ እርስ በርስ ያላቸውን ዝምድና ያሳያል። የኮግኒሽን (የአእምሮ ግንዛቤ) ተመራማሪ ደግሞ ሰሚውን አስቀምጦ ይጠይቃል፣ መልሱንም ይለካል። ይህ ፒኤችዲ ሁለቱን ሥራ ከአንድ ሰው ይጠብቃል። ብዙ ጎበዝ ሙዚቀኞች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ ችሎታው አላቸው፣ በሙከራ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ግን ይዘው አይቀርቡም።

ትምህርቱ በዚሁ ስም ከሚሰጥባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ቺካጎ አጠገብ ያለው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ነው። ሞንትሪያል ያለው ማክጊል፣ ኦሃዮ ስቴት እና ፊንላንድ ያለው ዩቫስኩላ ዩኒቨርሲቲም በዘርፉ የታወቁ ናቸው። ሌላ ቦታ ሥራው በሳይኮሎጂ ትምህርት ክፍል ሥር ሊገኝ ስለሚችል ከዩኒቨርሲቲ ስም ይልቅ አማካሪ ፈልጉ። ያለፉትን አምስት ዓመታት ጽሑፎቹን አንብቡ፤ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ መሆኑንም አጣሩ።

ከማመልከቻው በፊት አንድ ዓመት ተኩል ያህል ስጡት። ሃርመኒ (ድምፆች አብረው ሲሰሙ ያላቸው ስምምነት)፣ ካውንተርፖይንት (ዜማዎችን ጎን ለጎን ማስኬድ) እና የጆሮ ሥልጠና መሠረት ናቸው። ለሙዚቃ ተማሪ አዲስ የሚሆነው ስታቲስቲክሱ ነው፤ ቢያንስ እስከ ሪግሬሽን (አንድ ነገር ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሰላ ዘዴ) ድረስ ተማሩ። «አር» የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም እና ሙከራ የሚሠራበትን ሳይኮፓይን ልመዱ። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ።

ጥያቄ ወደ ሙከራ እንዴት እንደሚለወጥ በአንድ ምሳሌ እንየው። ተመራማሪዎቹ ካሮል ክረምሃንስል እና ኤድዋርድ ኬስለር በ1982 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ሥራ ሰሚዎች መጀመሪያ የአንድን ቁልፍ (ኪይ፣ ዜማው የተመሠረተበት ዋና ድምፅና ስኬል) ስሜት የሚሰጥ አጭር ሙዚቃ ይሰማሉ፤ ቀጥሎ በአንድ ኦክታቭ ውስጥ ካሉት 12 ድምፆች አንዱ ብቻውን ይመጣል። ሰሚው ድምፁ ከሰማው ጋር ምን ያህል እንደሚሄድ ከ1 እስከ 7 ነጥብ ይሰጣል። ይህን ወደ ቅኝት እናምጣው፦ ትዝታ እና ባቲ፣ ለእያንዳንዳቸው 12 ድምፅ፣ እያንዳንዱ አራት ጊዜ። 96 ጥያቄ ይሆናል። አንዱ 10 ሰከንድ ቢወስድ 16 ደቂቃ ነው፤ ከመለማመጃውና ከዕረፍቱ ጋር ግማሽ ሰዓት።

ቀላል ይመስላል፤ የሚበላሽባቸው መንገዶች ግን ብዙ ናቸው። የታወቀ ዘፈን ከተጠቀማችሁ ሰሚው የሚመልሰው ቅኝቱን ተከትሎ ሳይሆን ዘፈኑን አስታውሶ ነው፤ ስለዚህ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ዜማ ሥሩ። ጥያቄያችሁ ስለ ክራር ከሆነ ኪቦርድ አያገለግልም። ክራር በጆሮ ይቃኛል፤ ኪቦርዱ ግን ግማሽ ድምፆቹን ሁሉ እኩል 100 ሴንት (ሴንት በድምፆች መካከል ያለው ርቀት መለኪያ ነው) አድርጎ ይከፍላል። ክራሩን ቅረጹና የእያንዳንዱን ክር ድምፅ በሴንት ለኩ።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ይህ ነው፦ አንድ ድምፅ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘው ማረፊያ ስለሆነ ነው ወይስ በዜማው ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለተደጋገመ? ወይስ መጨረሻ ላይ ስለተሰማ? እነዚህን ሳትለዩ የምትሰበስቡት ዳታ ለየትኛውም መልስ ማስረጃ አይሆንም። መፍትሔው በአንድ ቅኝት ብዙ ዜማዎች ሠርቶ የድምፆቹን ድግግሞሽና የመጨረሻውን ድምፅ ማለዋወጥ ነው። ሁለት ቡድንም ያስፈልጋል፤ በቅኝት ዘፈን ያደጉና ሰምተውት የማያውቁ። ሁለቱ ተመሳሳይ ነጥብ ከሰጡ መልሱ ከድምፁ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ከተለያዩ ልማድ ወይም ሌላ የቡድኖቹ ልዩነት ገብቶበታል ማለት ነው።

ስሌቱ ላይም ወጥመድ አለ። 30 ሰው 96 ጥያቄ ሲመልስ 2,880 ነጥብ ይገኛል፤ ይህ ግን 2,880 ሰው አይደለም። የአንድ ሰው መልሶች እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ ይህን ግምት ውስጥ የሚያስገባ ሞዴል ካልተጠቀማችሁ የሌለ ልዩነት ያለ መስሎ ይወጣል።

በማመልከቻው ደብዳቤ ይህን የመሰለ ጥያቄ በመጀመሪያው አንቀጽ አስቀምጡ። ሙዚቃ ከልጅነቴ ጀምሮ እወድ ነበር የሚለው መግቢያ ቦታ ከመጨረስ በቀር አይጠቅምም። ለአማካሪው በመስከረም ከ200 ቃል ያልበለጠ ኢሜይል ላኩ፤ ጥያቄያችሁን፣ ከእሱ ሥራ የትኛው እንደሚነካው፣ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይቀበል እንደሆነ። ከማመልከቻው ጋር የምትልኩት የራሳችሁ ናሙና ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 25 ገጽ ነው። ከሦስቱ የድጋፍ ደብዳቤዎች አንዱ የምርምር ሥራችሁን በቅርብ ካየ ሰው ይሁን፤ ለጸሐፊዎቹም ስድስት ሳምንት ስጧቸው።

የአሜሪካ ማመልከቻዎች በብዛት በዲሴምበር፣ ማለትም በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ ይዘጋሉ። በቺካጎ ሰዓት እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው አዲስ አበባ በማግስቱ ከጠዋቱ 2፡59 ነው፤ መብራትና ኢንተርኔት ሊጠፋ ስለሚችል ግን ሁለት ቀን ቀድማችሁ ላኩ። ትራንስክሪፕታችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ይህን በግልጽ የሚገልጽ ማብራሪያ ከሬጅስትራር አያይዙ።

ተቀባይነት ስታገኙ የገንዘቡን ደብዳቤ በጥንቃቄ አንብቡ፦ የትምህርት ክፍያው ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል ወይ? የኑሮ ድጎማው ለስንት ዓመት ነው? ለ9 ወር ወይስ ለ12? ክረምቱ ካልተሸፈነ ሦስት ወር ያለ ገቢ ትቀራላችሁ። የጤና መድኅንና የማስተማር ግዴታም እዚያው ውስጥ መጻፍ አለባቸው። ድጎማ ለሚሰጡ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መልስ የሚሰጥበት የመጨረሻ ቀን ኤፕሪል 15፣ በእኛ ሚያዝያ 7 ነው፤ ከዚያ በፊት ወስኑ ብሎ የሚያጣድፋችሁ ካለ ይህንኑ በትህትና አስታውሱት። ያለ ገንዘብ የሚመጣ የፒኤችዲ ቅበላ ባትቀበሉት ይሻላል።

ከገባችሁ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ኮርስ፣ አጠቃላይ ፈተና፣ ፕሮፖዛል፣ ከዚያም የመመረቂያ ጥናቱ ይከተላል። በሰው ላይ የሚሠራ ጥናት ከዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይፈልጋል። ሳይፈቀድ የተሰበሰበ ዳታ የቱንም ያህል ብትደክሙበት ለመመረቂያ ጥናቱ አይሆንም፤ ስለዚህ የፈቃድ ማመልከቻውን ከፕሮፖዛሉ ጎን ለጎን ጻፉ። ፈቃዱ እንደደረሰ መጀመሪያ አምስት ሰው ብቻ አስቀምጡና ሙከራውን ከዳር እስከ ዳር አሂዱ። ድምፁ ከተሰበረ፣ መመሪያው ካልገባቸው ወይም ሁሉም 7 ብቻ ከሰጡ፣ አስተካክሉና ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር ድገሙት።