መርከብ ስካግዌይ በሚቆምበት ቀን፦ መኪና ለመከራየት ወይም በባቡር ለመሳፈር ሲወስኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ልጆቻቸው አሜሪካ የሚኖሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ልጆች ወላጆቻቸውን በክረምት ሲያስመጡ ከሚያዘጋጁላቸው ነገሮች አንዱ ከሲያትል ተነሥቶ አላስካ ደርሶ የሚመለስ የመርከብ ጉዞ ነው። እኔም እናቴን ይዤ እህቴ ዘንድ በሄድኩ ጊዜ በዚህ ጉዞ ሄጃለሁ፤ ከተመለስኩ ወዲህም ተመሳሳይ ግብዣ የደረሳቸው ጎረቤቶቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። መርከቡ ስካግዌይ በምትባል ትንሽ ከተማ ለአንድ ቀን ሲቆም መኪና ተከራይቶ ተራራውን መውጣት ይሻላል ወይስ በባቡሩ መሳፈር? ከደሴ ኮምቦልቻ ሰው እያመላለስኩ የምተዳደር ሹፌር ስለሆንኩ ሁሉም መኪና እንድላቸው ይጠብቃሉ፤ እኔም ሳላየው በፊት የማስበው እንደዚያው ነበር።

መኪናውም ባቡሩም የሚወጡት አንድ ተራራ ነው። ዋይት ፓስ ወደሚባለው የተራራ በር ለመድረስ ባቡሩ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በ32 ኪሎ ሜትር ውስጥ 873 ሜትር ከፍታ ይወጣል። እኛ ከኮምቦልቻ ደሴ ስንመጣ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የምንወጣው ስድስት መቶ ሜትር ገደማ ስለሆነ የአገራችን ሰው የዳገቱን ዓይነት ለመገመት አይቸገርም። ሐዲዱ የተዘረጋው ከ1890 እስከ 1892 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ሲሆን ለዚህ ምክንያት የሆነው በካናዳ ክሎንዳይክ በሚባል ስፍራ ወርቅ መገኘቱ ነው። ወርቁ የተገኘው በ1888 ዓ.ም. ነው፤ የዓድዋ ዘማች ወረኢሉ ላይ የከተተበት ያው ዓመት መሆኑን ሳስበው ይደንቀኛል። የመኪናው መንገድ ግን የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው፤ ስካግዌይ በመኪና መንገድ ከካናዳ ጋር የተገናኘችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው።

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ መንገድ ድንበር እንደሚሻገር ዘንግቶ ዋጋ ብቻ ማወዳደር ነው። ኪራዩ ለአራት ሰው ሲካፈል የእያንዳንዱ ድርሻ ከአንድ የባቡር ትኬት ብዙ ጊዜ ስለሚቀንስ ልጆች «መኪናው ይረክሳል» ብለው ይወስናሉ። ይሁን እንጂ ከከተማው ወጥተው 11 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዱ የአሜሪካ የጉምሩክና የኢሚግሬሽን ኬላ አለ፤ ድንበሩ ራሱ የተራራው አናት ላይ ነው፤ የካናዳው ኬላ ደግሞ ከስካግዌይ 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ፍሬዘር በሚባል ቦታ ይገኛል። የአሜሪካውን ኬላ አንድ ጊዜ ካለፉ በኋላ ካናዳ ባይገቡ እንኳ ሲመለሱ ሰነድ ይጠየቃሉ። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ልጅ በዚያ መንገድ ሲያልፍ እምብዛም የሚያግደው ስለሌለ ነገሩን ላያስተውለው ይችላል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዙት እናቱ ግን ካናዳ ለመግባት ቪዛ ያስፈልጋቸዋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከካናዳ ቪዛ ነጻ ቢሆንም ፓስፖርቱንና ካርዱን አብሮ ማሳየት ይኖርበታል።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚያልፉት ሌላ ነገር አለ። ከሲያትል ተነሥቶ ሲያትል የሚመለስ መርከብ በመሐል ካናዳ መቆሙ አይቀርም፤ ብዙውን ጊዜም የሚቆመው ቪክቶሪያ ነው። በውጭ አገር የተመዘገበ መርከብ መንገደኞችን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ አሳፍሮ እዚያው ለመመለስ በመሐል የሌላ አገር ወደብ እንዲነካ እ.ኤ.አ. የ1886 ሕግ ያስገድደዋል። ስለዚህ የካናዳ ቪዛ ጉዳይ ለመኪናው ብቻ ሳይሆን ለጉዞው ሁሉ፣ ትኬት ከመቆረጡ አስቀድሞ፣ ከደሴ ሳይነሡ ማለቅ ያለበት ነው። የአሜሪካ ቪዛዎ ስንት ጊዜ እንደሚያስገባ አብረው ይመልከቱ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ከአሜሪካ ወጥቶ መመለሱ ምን እንደሚያስከትል የመርከብ ድርጅቱን በጽሑፍ ጠይቀው መልሱን ይያዙ።

ወደ ተራራው አናት ብቻ ደርሶ የሚመለሰው የባቡር ጉዞ ግን ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው። ባቡሩ ድንበሩ ጋ ደርሶ ሲመለስ ማንም ስለማይወርድ ፓስፖርት አይጠየቅበትም። ልብ ሊባል የሚገባው የባቡሩ ጉዞዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው። አንዳንዶቹ ካናዳ ውስጥ ገብተው ያወርዳሉ፣ ሌሎቹም በባቡር ወስደው በአውቶቡስ ይመልሳሉ፤ እነዚህን ሲመርጡ ከመኪናው ጋር እኩል ሰነድ ያስፈልጋል። ትኬት ሲቆረጥ «ባቡር ነው» ማለት ብቻውን ስለማይበቃ የት ድረስ እንደሚሄድና የት እንደሚያወርድ መነበብ አለበት።

የኪራይ ውሉን ሳያነቡ መኪና መያዝ በእኛ የደረሰ ስህተት ነው። እህቴ መኪናውን ከወር በፊት ይዛ ነበር፤ እኔም ዳገቱን ራሴ እንደምነዳ አስቤ ደስ ብሎኝ ነበር። በዋዜማው ማታ መርከቡ ውስጥ ተቀምጠን ውሉን ስናነበው መኪናው ካናዳ መግባት እንደማይፈቀድለት ተጽፏል፤ በሹፌርነት የተመዘገበውም የእህቴ ስም ብቻ ነው። ሳይመዘገብ የነዳ ሰው አደጋ ቢደርስበት ኢንሹራንሱ ላይሸፍነው ይችላል። ጥፋቱ የእኛው ስለነበር የምንወቅሰው ሰው አልነበረም። መኪና ለመከራየት የሚያስብ ሁሉ አስቀድሞ አራት ነገር ይጠይቅ፦ መኪናው ድንበር መሻገር ይፈቀድለታል ወይ፤ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ብቻውን ይበቃል ወይስ ዓለም አቀፍ ፈቃድ ይጨመርበታል፤ ሁለተኛ ሹፌር ማስመዝገብ ይቻላል ወይ፤ መያዣው በጥሬ ገንዘብ ይሆናል ወይስ በሹፌሩ ስም በወጣ ክሬዲት ካርድ ብቻ።

ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሀረጎን ቁልቁለት ለምዶ ያደገ ሹፌር ደግሞ የራሱ የሆነ ስህተት አለው፤ ችሎታው የሚበቃው ይመስለዋል። ዳገቱና ጉሙ አዲስ አይሆኑበትም፤ በቀኝ መንዳቱም እንደ እኛው ነው። የሚያደናግረው ሌላ ነው። በዚያ የሚከራዩት መኪኖች በአብዛኛው አውቶማቲክ ናቸው። እኛ ቁልቁለት ስንወርድ ማርሽ ቀንሰን ሞተሩ መኪናውን እንዲይዘው እናደርጋለን እንጂ ፍሬን ላይ ተቀምጠን አንወርድም፤ አውቶማቲክ ያልለመደ ሰው ግን «ዲ» ላይ እንዳስገባ ይተወውና ቁልቁለቱን ሁሉ ፍሬን እየረገጠ ይወርዳል፤ ታች ሲደርስ ሸራው ይሸታል። ማርሹን በእጅ ዝቅ የማድረጊያው ቦታ የት እንደሆነ ከመኪና ማቆሚያው ሳይወጡ ማየት ያስፈልጋል። የፍጥነት ምልክቱም ያሳስታል፤ አላስካ ውስጥ በማይል ይጻፋል፣ ድንበሩን እንደተሻገሩ በኪሎ ሜትር ይሆናል። በማይል የተጻፈ 50 በእኛ ልክ 80 ነው።

ከዚህም በላይ መሪ የያዘ ሰው ገደሉን አያይም። በዓመታት ምልልስ ከሀረጎ ላይ ቁልቁል የኮምቦልቻን ሜዳ በደንብ አይቼ አላውቅም ነበር፤ አንድ ቀን ታምሜ ጓደኛዬ ሲነዳልኝ ነው ያየሁት። በዕድሜ አንድ ጊዜ በሚገኝ ጉዞ ላይ ከቤተሰቡ አንዱን ሰው መንገድ ብቻ እያየ እንዲውል ማድረግ አልደግፍም።

ሰዓት የሐበሻ ሰው ሁሉ ተጠንቅቆ ሊያነበው የሚገባ ጉዳይ ነው። መርከቡ የሚሰጠው ወረቀት ላይ ሁሉም ሰው መሳፈር ያለበት ሰዓት ይጻፋል። የእኛ 5፡30 ይል ነበር፤ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11፡30 ነው። እህቴ መልእክት ስትልክልኝ «አምስት ተኩል ላይ እንዳትቀሩ» ብላ ጻፈች። ከባቡሩ ከወረድን በኋላ እኔና እናቴ ከተማው ውስጥ ስንዘዋወር እናቴ «አምስት ተኩል ሌሊት አይደል እንዴ፣ ገና ብዙ ጊዜ አለን» አለችኝ፤ እኔም ተቀበልኳት። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ነበረች። እኛ አገር ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጀንበር ታዘቀዝቃለች፤ እዚያ በሰኔ ወር ከምሽቱ 4 ሰዓት እስኪያልፍ ብርሃን ስለሆነ ሰማይ አይቶ መጠርጠር አይቻልም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እህቴ ደውላ «የት ናችሁ?» ባትል ኖሮ ቀርተን ነበር። ስለዚህ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ለውጠው፣ ቀን ወይም ማታ ብለው፣ በወረቀት ላይ ጽፈው ለእያንዳንዱ ሰው ይስጡ። መኪና ይዞ ካናዳ ለሚሻገር ደግሞ ሌላ ይጨመራል። የካናዳው ዩኮን ግዛት ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓቱን ወደፊትና ወደኋላ መቀያየር ስላቆመ በበጋቸው ከአላስካ በአንድ ሰዓት ይቀድማል፤ ስልክዎም እዚያ ሲደርሱ በራሱ ይለወጣል። መርከቡ ከከተማው የተለየ ሰዓት የሚይዝበት ጊዜም ስላለ ሲወርዱ የሚያዩት ሰዓት የመርከቡ መሆን አለበት።

ርቀቱን አሳንሶ መገመትም የተለመደ ነው። መኪና የሚከራዩ ሰዎች የሚያልሙት ካርክሮስ የምትባለውን መንደርና ከእርሷ አለፍ ብሎ ያለውን ኤመራልድ ሐይቅ ነው። ሐይቁ ከስካግዌይ 118 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ ደርሶ መልሱ ከደሴ ወልዲያ ሄዶ እንደ መመለስ ነው። ለዚህ የኬላ ወረፋ ይጨመርበት፤ ወደቡ ላይ ሦስት አራት መርከብ በቆመ ቀን ወረፋው ይረዝማል። ከመሳፈሪያው ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀድሞ ከተማው ውስጥ መገኘት የማይቻል ከሆነ ሐይቁን መተው ይሻላል።

የቀረ ሰው ምን እንደሚገጥመው አለማሰብ ከዚሁ ጋር ይሄዳል። መርከቡ በራሱ በኩል የተሸጠ ጉብኝት ቢዘገይ አብዛኛውን ጊዜ ይጠብቃል፤ በግሉ የሄደውን ግን አይጠብቅም። ከስካግዌይ ወደ አላስካ ዋና ከተማ ጁኖ የሚወስድ የመኪና መንገድ የለም፤ ያለው ጀልባና ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ በመኪና ለመውጣት ደግሞ ካናዳን ማቋረጥ ግድ ነው። የካናዳ ወረቀት የሌላቸው አዛውንት እዚያ ቢቀሩ መውጫቸው ምን ያህል ጠባብ እንደሚሆን ያስቡት።

ይህን ሁሉ ያልኩት መኪናን ለመጥላት አይደለም። የሁሉም ሰው ሰነድ የተሟላ ከሆነ፣ መርከቡ ከስምንት ሰዓት በላይ የሚቆም ከሆነ፣ የተመዘገቡ ሁለት ሹፌሮች ካሉ፣ ከልጆችም ጋር እንደ ልብ እየቆሙ መሄድ ከተፈለገ መኪናውን እመርጣለሁ፤ ባቡሩ የማይደርስባቸውን ሐይቆች ያሳያል። ከነዚህ አንዱ እንኳ ከጎደለ ግን ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት በሚፈጀው ባቡር ይሂዱ። ሁለቱን በአንድ ቀን ለማድረግ አይሞክሩ።

ባቡሩን የመረጠ ሰው ትኬቱን በዕለቱ ለመግዛት አይጠብቅ። እኛ መኪናውን ከሰረዝን በኋላ የጠዋቱ ሞልቶ ስለነበር በመከራ ያገኘነው የከሰዓቱን ነው።

መጨረሻ ላይ የማነሣው ወንበር ይዞ የመቅረትን ስህተት ነው። ሲወጣ ገደሉ የሚታየው በግራ በኩል ስለሆነ ሰው ለግራው ይሻማል፤ ሆኖም አናቱ ላይ ሲደረስ ተሳፋሪው ጎን እንዲለዋወጥ ስለሚደረግ ለሁሉም ይደርሰዋል። የተሻለው ቦታ ከፉርጎው ጫፍ ያለው ክፍት መቆሚያ ነው፤ እናቴን ወደዚያ ይዣት ወጣሁ። ኮምቦልቻ ያለውን የአዋሽ–ሐራ ገበያ ሐዲድ ስለምታውቀው መጀመሪያ ያስገረማት የዚህኛው ጥበት ነበር፤ የእኛው 143 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሲሆን ይህ 91 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ብርዱ የቦሩ ሜዳን የሐምሌ ጠዋት የሚመስል ስለሆነ ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል፤ እናቴ ከደሴ ይዛ የመጣችውን ጋቢ ደርባ ነበር። ከገደሉ ማዶ ወርቅ ፈላጊዎቹ የሄዱበት ቀጭን የእግር መንገድ ድንጋዩ ላይ ዛሬም ይታያል። አስጎብኚዋ በድምፅ ማጉያ ስለ ሸለቆው ስትናገር በዚያ መንገድ ሦስት ሺህ ያህል የጭነት ፈረሶች እንዳለቁ፣ ቦታውም የሞቱ ፈረሶች ሸለቆ ተብሎ እንደቀረ ተረጎምኩላት። እናቴ የልጅነት ጊዜዋን ከአባቷ ጋር እህል በአጋሰስ እየጫነች ሰኞ ገበያ ስትመላለስ ያሳለፈች ናት። ብረቱን ይዛ ቁልቁል እያየች ብዙ ቆየችና «የሚያራግፍላቸው ሰው አልነበረም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።