«ቲቸር፣ ይሄ ቁጥር ፕራይም ነው?»፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዳማ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎችን ሒሳብ አስጠናለሁ። ሰሞኑን ሰሌዳው ላይ 2,147,483,647 ብዬ ጻፍኩና «ፕራይም ነው አይደለም?» አልኳቸው። ፕራይም ማለት ከ1 የሚበልጥ፣ ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ቁጥር ነው። እንደ ስልክ ቁጥር አሥር አሃዝ አለው። መልሱ «ነው» ነው። ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር በ1772 እ.ኤ.አ. አረጋግጦታል። እዚያ እስክንደርስ ግን በየዓመቱ የማያቸው ስህተቶች ሁሉ ተሠሩ።

መጀመሪያ በመልኩ ፈረዱ። «መጨረሻው 7 ነው፣ ለ3ም አይካፈልም፣ በቃ ፕራይም ነው!» 91ም እኮ መጨረሻው ጎዶሎ ነው፣ ለ3ም አይካፈልም፤ ግን 7 በ13 ሲባዛ 91 ይሆናል። የመጨረሻው አሃዝ የሚነግረን ለ2 ወይም ለ5 መካፈሉን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስህተት መቆሚያውን አለማወቅ ነው። አንዷ ልጅ ለ3፣ ለ5፣ ለ7 እያለች «እስከ ግማሹ ልሂድ?» አለችኝ። አያስፈልግም። ቁጥሩ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ከሆነ ትንሹ ከስኩዌር ሩቱ አይበልጥም። ስለዚህ 46,340 ላይ ይበቃል። በእጅ ለሚሠራ ሰው ይህም ብዙ ነው። ኦይለር ታዲያ ምን አደረገ? ይህ ቁጥር 31 ሁለቶችን አባዝተን 1 ስንቀንስ የሚገኝ ነው። ይህ ቁጥር ፕራይም አካፋይ ካለው፣ አካፋዩ ለ62 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። ስለዚህ 3ን፣ 5ን፣ 7ን መሞከር አያስፈልግም ነበር ማለት ነው። ይህን ባስረዳሁ ቁጥር ልጆቹ ጸጥ ይላሉ፤ እኔም ሁሌ እንደ አዲስ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው፦ «ቁጥሩ ፕራይም የሆነው 31 ፕራይም ስለሆነ ነዋ!» የሚል ነው። 11ም ፕራይም ነው። 11 ሁለቶችን አባዝታችሁ 1 ስትቀንሱ ግን 2,047 ይመጣል፤ እሱም 23 በ89 ነው። ፈረንሳዊው መርሰን እንኳ በ1644 እ.ኤ.አ. 67ን ፕራይም ከሚሰጡት ጋር ቆጥሮት ነበር። ኮል የተባለ አሜሪካዊ በ1903 እ.ኤ.አ. 67 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘውን ቁጥር አካፋዮች አወጣቸው፦ 193,707,721 እና 761,838,257,287።

ይህን ብዜት በስልክ ካልኩሌተር እንዳታረጋግጡት። ብዙዎቹ የፊት አሃዞችን ይዘው የቀረውን ያጠጋጉታል። ከ67ቱ ሁለቶች ብዜት 1 ብትቀንሱም የሚያሳዩት ቁጥር ንቅንቅ አይልም። አንዱ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ጎዶሎ መሆን ነበረበት፣ ለ2 ተካፈለ እኮ!» ብሎ ራሱ ደረሰበት። በወረቀት ሥሩት።

«ትልቁ ፕራይም» ማለትም ስህተት ነው። ፕራይም ቁጥሮች እንደማያልቁ የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ከ2,000 ዓመት በፊት አሳይቷል። «እስካሁን የታወቀው ትልቁ» በሉ። በ2024 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው 136,279,841 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚገኘው ነው፤ 41,024,320 አሃዝ አለው። «የመጨረሻው አሃዙስ ስንት ነው?» አልኳቸው። ሁለቶቹ ሲባዙ የሚመጣውን የመጨረሻ አሃዝ 2፣ 4፣ 8፣ 6 እያሉ ዞሩና 2 ላይ ቆሙ፤ 1 ቀንሰው፣ ካልኩሌተር ሳይነኩ 1 መሆኑን አገኙት።