አንድ ዒላማ ተኮር የካንሰር መድኃኒት በፓተንት የተያዘ መሆኑን እንዴት ማጣራት ይቻላል? ከዘረ-መል ምርመራው ውጤት እስከ ጄኔሪኩ

ዒላማ ተኮር የካንሰር መድኃኒት የታዘዘለት ሰው ቤተሰብ ዋጋውን በሰማበት ቀን የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ርካሽ የሆነው አቻው፣ ጄኔሪክ የሚባለው፣ የለም ወይ? መልሱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከፋርማሲው መደርደሪያ ሳይሆን ከፓተንት መዝገብ ነው፤ ፓተንት ማለት ፈጠራውን ለተወሰነ ዓመት ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ሌላ እንዳያመርተው የሚከለክል መብት ነው። መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው፤ ክፍያም አይጠየቅበትም፤ አስቸጋሪው ነገር ምን እንደሚፈለግና የተገኘው እንዴት እንደሚነበብ ማወቁ ነው። ዒላማ ተኮር የሚባሉት መድኃኒቶች ከተለመደው ኬሞቴራፒ የሚለዩት በካንሰሩ ሴል ውስጥ የተበላሸውን አንድ የተወሰነ ፕሮቲን ለይተው ስለሚይዙ ነው፤ ስለዚህም ከመድኃኒቱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ የዘረ-መል ምርመራ ይቀድማል። መድኃኒቱም ምርመራውም የየራሳቸው የፓተንት ታሪክ ስላላቸው ተለያይተው መታየት አለባቸው። ከዚህ በታች በምሳሌነት በብዛት የማነሣው ለደም ካንሰር የሚታዘዘውን ኢማቲኒብን ነው፤ ታሪኩ ከዳር እስከ ዳር ስለሚታወቅ ለመማሪያ ይመቻል። የኢትዮጵያው አዋጅ ከወጣበት ዓመት በቀር ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ሁለቱን ስሞች ወረቀት ላይ ማስፈር

ፍለጋው የሚጀምረው ከመድኃኒቱ ካርቶንና ከላቦራቶሪው ውጤት ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የታተመው «ግሊቬክ» የኩባንያው የንግድ ስም ሲሆን፣ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የሠፈረው «ኢማቲኒብ» የሞለኪውሉ ዓለም አቀፍ ስም ነው። መዝገብ ላይ የሚፈለገው ሁለተኛው ነው፤ የንግድ ስሙ ከአገር አገር ይለዋወጣል፤ የግሊቬክ የላቲን አጻጻፍ እንኳ አሜሪካ ውስጥና ከአሜሪካ ውጭ አንድ አይደለም።

ከላቦራቶሪው ውጤት ላይ ደግሞ የዘረ-መሉን ስምና የተገኘውን ለውጥ መጻፍ ያስፈልጋል። ለምሳሌ በሳንባ ካንሰር ውጤት ላይ «ኢ.ጂ.ኤፍ.አር. ኤል 858 አር» የሚል ጽሑፍ ቢገኝ፣ ኢ.ጂ.ኤፍ.አር. የዘረ-መሉ ስም ነው፤ የቀረው በፕሮቲኑ 858ኛ ቦታ ላይ መኖር የነበረበት ሉሲን የተባለው አሚኖ አሲድ በአርጂኒን መተካቱን ያመለክታል። ጌፊቲኒብ፣ ኤርሎቲኒብና ኦሲመርቲኒብ የሚታዘዙት እንዲህ ዓይነት ለውጥ ለተገኘበት ሰው ነው። አንዳንዱ ምርመራ ደግሞ የሚከለክል ነው፤ በትልቁ አንጀት ካንሰር ውስጥ ኬራስ በተባለው ዘረ-መል ላይ ለውጥ ከተገኘ ሴቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት አይጠቅምም። የምርመራው ውጤት ሳይታይ ስለ ዋጋና ስለ ፓተንት መሯሯጥ ከንቱ ድካም ነው።

ደረጃ 2፦ የፓተንቱን ቁጥር ማግኘት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የመድኃኒቱን ስም በፓተንት መፈለጊያ ላይ ጽፎ ምንም ካላገኘ «ፓተንት የለውም» ብሎ ይደመድማል። የመጀመሪያው ማመልከቻ የሚገባው ግን መድኃኒቱ ስም ሳይወጣለት፣ ገና የኬሚካል ቀመር ሳለ ነው። የኢማቲኒብ ዋና የአሜሪካ ፓተንት ርዕሱ ስለ «ፒሪሚዲን ውላጆች» እና ስለ አዘገጃጀታቸው የሚናገር ነው፤ በስም የፈለገ ሰው ሊያልፈው ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቁጥሩን ከሌላ ቦታ ማምጣት ይሻላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር «ኦሬንጅ ቡክ» በሚባለው መዝገቡ በኬሚካል የሚዘጋጁ መድኃኒቶችን ከነፓተንት ቁጥራቸውና ከነማብቂያ ቀናቸው ይዘረዝራል፤ እንደ ትራስቱዙማብ ላሉ ከሕያው ሴል ለሚመረቱት ደግሞ «ፐርፕል ቡክ» አለ። ከአሜሪካ ውጭ ላሉ አገሮች በተለይም ለታዳጊ አገሮች የሚጠቅመው ሜድስፓል የተባለው፣ ከባለመብቶች ጋር ተደራድሮ ለጄኔሪክ አምራቾች ፈቃድ የሚያስገኘው የሜዲስንስ ፓተንት ፑል ድርጅት መዝገብ ነው፤ የመድኃኒቱን ስምና አገሩን መርጦ የፓተንቱን ሁኔታ ያሳያል። ኦሬንጅ ቡክ ጊዜው ያለፈበትን ፓተንት ከዝርዝሩ ስለሚያወጣ፣ ዛሬ እዚያ አለመገኘት ድሮም አልነበረም ማለት አይደለም። ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ በነጻ በሚያቀርበው ኤስፓስኔት ላይ አስገብቶ ሙሉውን ሰነድ መክፈት ይቻላል።

ደረጃ 3፦ ርዕሱን ትቶ የመብት ጥያቄዎቹን ማንበብ

የፓተንት ሰነድ ረጅም ነው፤ ሕጋዊ ኃይል ያለው ግን በመጨረሻው ክፍል በቁጥር የተዘረዘሩት ዓረፍተ ነገሮች፣ ማለትም ባለመብቱ «የእኔ ነው» የሚለውን የሚያጥርባቸው የመብት ጥያቄዎች ናቸው። በእኔ ግምት ለተራ አንባቢ የመጀመሪያውን ጥያቄ በጥንቃቄ ማንበብ ብዙውን ነገር ይፈታል። የሚጠየቀውም ይህ ነው፦ የታጠረው ሞለኪውሉ ራሱ ነው? ወይስ የሞለኪውሉ አንድ የተለየ የክሪስታል ቅርጽ? ወይስ መድኃኒቱን ለአንድ በሽታ የመጠቀም ዘዴ?

ልዩነቱ በኢማቲኒብ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቁጥር 5,521,184 የሆነው የአሜሪካ ፓተንት የሞለኪውሉ ነበር፤ ሌላ ፓተንት ደግሞ «ቤታ» የተባለውን የክሪስታል ቅርጽ ይሸፍን ነበር፤ ሦስተኛው መድኃኒቱን ጂስት ለሚባለው የጨጓራና የአንጀት ዕጢ የመጠቀም ዘዴን ይመለከት ነበር። ጄኔሪኩ በ2016 አሜሪካ ገበያ ላይ ሲወጣ ለደም ካንሰር የሚውለው አጠቃቀም በመግለጫው ላይ ሠፍሮ፣ የጂስት አጠቃቀም ግን ሳይጠቀስ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ኪኒኑ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር አንድ ሆኖ፣ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው በሽታ የሚለየው ሕግ ስለሆነ ብቻ ነው።

ደረጃ 4፦ ቀኑን ማስላት

ጠቅላላው ደንብ ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ነው፤ ሆኖም በዚህ ቁጥር ብቻ መተማመን አያዋጣም። የ5,521,184ን ስሌት ደረጃ በደረጃ እንየው። ፓተንቱ የተሰጠው ሜይ 28 ቀን 1996 ሲሆን፣ ማመልከቻው የአሜሪካ ሕግ በ1995 ከመለወጡ በፊት የገባ ስለነበር ከተሰጠበት ቀን 17 ዓመት ይቆጠርለት ነበር፤ ይህም ሜይ 28 ቀን 2013 ላይ ያደርሰዋል። መድኃኒቱ ፈቃድ እስኪያገኝ ለባከነው ጊዜ ማካካሻ 586 ቀናት ሲጨመሩ ጃንዋሪ 4 ቀን 2015 ይሆናል። በሕፃናት ላይ ለተደረገ ጥናት የሚሰጠው 6 ወር ሲታከል ጁላይ 4 ቀን 2015 ላይ ይደርሳል። ጄኔሪኩ ግን በዚያ ቀን አልወጣም፤ የክሪስታሉ ፓተንት ገና በሥራ ላይ ስለነበር የሕንዱ ጄኔሪክ አምራች ሰን ፋርማ ከባለመብቱ ከኖቫርቲስ ጋር ተስማምቶ ያወጣው ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2016 ነው። እንግዲህ የአንድ ፓተንት ማብቂያ ቀን የርካሹ መድኃኒት መምጫ ቀን አይደለም፤ የመጨረሻውን ጠቃሚ ፓተንት መፈለግ ያስፈልጋል።

ከፓተንት ውጭ የሆነ ጥበቃም አለ። በአሜሪካ አዲስ የኬሚካል መድኃኒት 5 ዓመት፣ ከሕያው ሴል የሚመረት 12 ዓመት፣ ብርቅ ለሆነ በሽታ የተፈቀደ 7 ዓመት የራሱ ከለላ ያገኛል፤ ብዙ የካንሰር ዓይነቶች ብርቅ በሚባለው መደብ ስለሚወድቁ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ደረጃ 5፦ አገሩን መለየት

ፓተንት ድንበር አይሻገርም። በኤስፓስኔት ላይ ሰነዱ ከተከፈተ በኋላ «የፓተንት ቤተሰብ» የሚለውን ዝርዝር መክፈት ማመልከቻው በየትኛው አገር እንደገባ ያሳያል፤ ማመልከቻ ባልገባበት አገር ፓተንት የለም።

የሕንድ ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ሕንድ ለመድኃኒት ምርቶች ፓተንት መስጠት የጀመረችው በ2005 ስለሆነ የኢማቲኒብ ሞለኪውል እዚያ በፓተንት አልተያዘም ነበር። ኖቫርቲስ በ1998 ያመለከተው ስለ ቤታ ክሪስታሉ ነው። የሕንድ የፓተንት ሕግ አንቀጽ 3(መ) የታወቀ ንጥረ ነገር አዲስ ቅርጽ የመፈወስ ብቃቱን ካላሻሻለ እንደ ፈጠራ አይቆጠርም ይላል፤ ኩባንያው ክሪስታሉ በሰውነት ውስጥ 30 በመቶ በተሻለ እንደሚሰራጭ ቢያስረዳም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በተሻለ መሰራጨት ብቻውን በተሻለ መፈወስ አይደለም ብሎ ኤፕሪል 1 ቀን 2013 ይግባኙን ውድቅ አደረገው። በዚያን ጊዜ ዋናው መድኃኒት በወር ወደ 120,000 ሩፒ ገደማ ሲጠየቅበት፣ የሕንዱ ጄኔሪክ ከ8,000 እስከ 10,000 ሩፒ ይሸጥ እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል።

ፓተንት በሚጸናበት አገርም በር ሁሉ የተዘጋ አይደለም። ያው ሕንድ በማርች 2012 ሶራፌኒብ ለተባለው የኩላሊትና የጉበት ካንሰር መድኃኒት የግዴታ ፈቃድ፣ ማለትም ባለመብቱ ሳይስማማ ሌላ አምራች እንዲሠራው የሚያስችል ፈቃድ፣ ሰጥታ፣ ናትኮ የተባለው ኩባንያ በወር በ8,800 ሩፒ እንዲሸጠው አድርጋለች። በ2022 ደግሞ ኖቫርቲስ ለኒሎቲኒብ በሜዲስንስ ፓተንት ፑል በኩል ለጄኔሪክ አምራቾች በፈቃዱ መብት ሰጥቷል፤ ለካንሰር መድኃኒት በዚህ መንገድ የተሰጠ የመጀመሪያው ፈቃድ ነው። በሜድስፓል ላይ «ፈቃድ» የሚለውን መስክ ማየት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ደረጃ 6፦ ምርመራውን ለብቻው መጠየቅ

«ይህን ዘረ-መል መመርመር የሚችለው አንድ ላቦራቶሪ ብቻ ነው» የሚል ወሬ እስከ 2013 ድረስ በአሜሪካ እውነት ነበር። ብራካ 1 እና ብራካ 2 በተባሉት፣ የጡትና የማሕጸን እንቁላል ካንሰርን ተጋላጭነት በሚያሳዩት ዘረ-መሎች ላይ ሚርያድ ጄኔቲክስ የተባለው ኩባንያ ፓተንት ስለነበረው ሙሉውን ምርመራ ሌላ ላቦራቶሪ ለገበያ ማቅረብ አይችልም ነበር፤ ዋጋውም ከ3,000 ዶላር በላይ ነበር። የመብት ጥያቄው የታጠረበት ቃል «ተነጥሎ የወጣ ዲ.ኤን.ኤ.» የሚል ነበር፤ የክርክሩም ሥር እሱ ነበር። ከሰውነት ተነጥሎ መውጣቱ አዲስ ነገር ያደርገዋልን? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁን 13 ቀን 2013 በሙሉ ድምፅ አያደርገውም አለ፤ በላቦራቶሪ የሚሠራውን የዘረ-መል ቅጂ፣ ሲ.ዲ.ኤን.ኤ. የሚባለውን ግን ፓተንት ሊሰጠው ይችላል ብሎ ለየው። ይኸው ፍርድ ቤት ከአንድ ዓመት በፊት በሌላ ክርክር፣ በደም ውስጥ ያለን የመድኃኒት መጠን ለክቶ መጠኑን ማስተካከል የተፈጥሮ ሕግን መግለጽ ብቻ ነው ብሎ ነበር። የአውስትራሊያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2015 ስለ ብራካ 1 ተመሳሳይ ውሳኔ ሰጥቷል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ አለቀ ማለት ግን አይደለም። መድኃኒትና ምርመራ በአንድ ቀን አብረው ሊፈቀዱ ይችላሉ፤ ኦላፓሪብ በዲሴምበር 2014 በአሜሪካ ሲፈቀድ የሚርያድ የብራካ ምርመራ አብሮት ተፈቅዷል። ስለዚህ ላቦራቶሪውን ሲጠይቁ «ዘረ-መሉን ትመረምራላችሁ ወይ?» ማለት አይበቃም፤ የእነሱ ምርመራ መድኃኒቱን ለማዘዝ ተቀባይነት ያለው መሆኑንና ውጤቱ ትክክለኛውን ለውጥ በስም የሚጠቅስ መሆኑን አብሮ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ደረጃ 7፦ ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ

የኢትዮጵያ የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ፓተንትን ለ15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ በአግባቡ ሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ግኝትን እንዲሁም በሰው አካል ላይ የሚፈጸም የማከምና የመመርመር ዘዴን አዋጁ ከፓተንት ውጭ አድርጓቸዋል። የመመርመሪያ ኪቱና መሣሪያው ግን ምርቶች ናቸው፤ ዘዴው ነጻ ቢሆን እንኳ ኪቱ በነጻ ይመጣል ማለት አይደለም። አንድ መድኃኒት እዚህ ፓተንት እንዳለው የሚጠየቀው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፤ የአሜሪካው የፓተንት ቁጥርና የመድኃኒቱ ዓለም አቀፍ ስም ከተያዘ ጥያቄው አጭር ይሆናል።

ፓተንትና የመድኃኒት ምዝገባ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸው ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። ፓተንት የሌለበት ጄኔሪክ በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ካልተመዘገበ በመደበኛ መንገድ አይገባም፤ ዘመድ ከሕንድ ወይም ከአሜሪካ በሻንጣ ያመጣው ኪኒን ደግሞ በምን ሙቀት እንደተቀመጠና ከማን እንደተገዛ ማንም አይመሰክርለትም። ይህን የምለው ሰው የሚወስነው ተቸግሮ መሆኑን ሳልዘነጋ ነው። ከዚያ በፊት የሚሞከር ነገር አለ፤ ሐኪሙን «ኩባንያው ለሕሙማን በነጻ የሚያቀርብበት ፕሮግራም በዚህ ሆስፒታል አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ። ግሊቬክ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለደም ካንሰር ሕሙማን ለዓመታት የደረሰው በእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ነው፤ ወደ ፕሮግራሙ የሚያስገባውም ሰነድ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያነሣነው የላቦራቶሪ ውጤት፣ ማለትም የ9ኛውና የ22ኛው ክሮሞዞም ቁርጥራጮች ቦታ ተለዋውጠው የሚፈጥሩት ቢ.ሲ.አር.-ኤ.ቢ.ኤል. የተባለው ዘረ-መል መኖሩን የሚያረጋግጠው ወረቀት ነው። ዋናውን ቅጂ ከእጅ ሳያወጡ ፎቶኮፒውን ማስገባት ይሻላል።