ጅማ ላይ ቅንጡ ቱረርን ከትንሽ ኤስዩቪ ጋር እንዴት ታወዳድራላችሁ?

እኔ መጀመሪያ የገዛሁት ቅንጡ ቱረር፣ ማለትም ለረጅም ጉዞ የተሠራ ሰፊ የቤተሰብ መኪና፣ ያገለገለ መርሴዲስ አር ክላስ ነበር። አሁን የምነዳው ትንሹን ኤስዩቪ፣ ዳይሃትሱ ቴሪዮስን ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው እስክሻገር ስንት እንዳወጣሁ አትጠይቁኝ።

መጀመሪያ ሜትር ያዙ። መርሴዲስ አር ክላስን እ.ኤ.አ. በ2005 ሲያወጣው «ግራንድ ስፖርትስ ቱረር» ነበር ያለው። ስድስት ሰው እንደ ሳሎን ያስቀምጣል፤ ረጅሙ ዓይነት 5.16 ሜትር ይደርሳል። ሁለተኛው ትውልድ ቴሪዮስ 1.5 ሊትር ሞተር አለው፤ ሆዱ ከመሬት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። የግቢያችሁን በር ለኩ። የምትታጠፉበትን ቅያስ ደግሞ ባጃጅ ቆሞበት ለኩ። የእኔን ቅያስ በአር ክላስ ለመታጠፍ ሁለቴ ወደኋላ መመለስ ነበረብኝ።

ቀጥሎ መኪናውን አሳድሩት። ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ እኔም ዘልዬዋለሁ። የእኔ አር ክላስ በሞላ ፋንታ በአየር ከረጢት የሚቆም ነበር። ሻጩ ያሳየኝ ከሰዓት በኋላ፣ ሞተሩን አስነስቶ ጠብቆኝ ነው። ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ኮሮኮንቹ ላይ ምንም አይሰማም። ገዝቼ ባሳደርኩት በማግስቱ ስወጣ የኋላ ቀኙ እንደተንበረከከ ግመል ጎማው ላይ ተኝቷል። ሞተሩን ሳስነሳ ቀስ እያለ ተነሳ። እኔም «ተሻለው» ብዬ ሁለት ወር ነዳሁት። ከረጢቱ እያስተነፈሰ ስለነበር አየር የሚነፋለት ኮምፕረሰር ያለ እረፍት ሲሞላ ሲሞላ ተቃጠለ። ከረጢቱን ብቻ ቀይሬ መገላገል ስችል ሁለቱንም ገዛሁ።

አለካኩ እንዲህ ነው። ማታ ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ ሞተሩን አጥፉ። በአራቱም በኩል ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለኩና ጻፉ። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ፣ በሩም ሳይከፈት ድገሙት። አንዱ ማዕዘን ለብቻው ወርዶ ካገኛችሁት አየር የሚያፈስ ነገር አለ። ሻጩ ማሳደሩን እንቢ ካለ በጠዋት ሳትነግሩት ሂዱና ኮፈኑን ዳስሱት። ከሞቀ ተቀድማችኋል።

ከዚያ ቤተሰብ ጭናችሁ ንዱ። ባዶውን የማይሄድ መኪና የለም። ወደ አጋሮ መስመር ውጡ፣ ከአስፋልቱም ገባ በሉ፤ ዝናብ ከጣለ በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ሰፊው የአስፋልት ጎማ ቀዩን ጭቃ ወዲያው ይለብስና እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ቴሪዮሱን ስታዩ ደግሞ ጎንበስ ብላችሁ ከፊት ጎማዎቹ መሃል ዲፈረንሻል (የሞተሩን ኃይል ለግራና ቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው) መኖሩን አረጋግጡ። በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄድም አለ። ደላላ እንደሆነ ሁሉንም «ፎር ዊል» ነው የሚለው።

ግቤ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አር ክላስ ዳገቱን እያፏጨ ይወጣዋል። ቴሪዮስ ሰው ከሞላበት ማርሽ እየቀነሳችሁ ከአይሱዙ ኋላ ትሰለፋላችሁ።

መለዋወጫን በተመለከተ፣ የሁለቱንም ስም ለመካኒካችሁ ንገሩት። የሳቀበትን ተዉት።

እናቴ አሁንም አዲስ አበባ በሄድን ቁጥር ወልቂጤ ላይ ወገቧን ይዛ ትወርድና «ያኛው መኪና ይሻል ነበር» ትላለች። ስለ ወንበሩ ከሆነ እውነቷን ነው።