ከቤዝቦል ጋር ሠላሳ ዓመት፦ እኔ የሠራኋቸው፣ እርስዎ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቤዝቦልን በቅጡ የሚያውቅ ሰው ይህን ጽሑፍ ቢዘለው አይጎዳም። እኔ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ስታዲየም የምገባ፣ ሌላውን ጊዜ ዕቃ እያጠብኩ በሬዲዮ የምከታተል ተራ ደጋፊ ነኝ። ግማሹን ተጫዋች በስሙ አላውቀውም። ሆኖም በ14 ዓመቴ የጀመርኩት ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ በመካከሉ የሠራኋቸው ስህተቶችም ጥቂት አይደሉም። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ውጤቱን ብቻ መጠየቅ

በ1995 ዋሽንግተን ስደርስ ያስጠጋኝ አጎቴ ታክሲ ነጂ ነበር። ከተማዋ ያን ጊዜ የራሷ ቡድን አልነበራትም። ሴናተርስ የሚባለው ቡድን ከ1971 የውድድር ዘመን በኋላ ወደ ቴክሳስ ከተዛወረ ወዲህ የዋሽንግተን ሰው ወይ ጨዋታውን ትቶታል፣ ወይ እንደ አጎቴ የጎረቤት ከተማውን የባልቲሞር ኦሪዮልስን ይከተላል። ማታ ሲገባ "ስንት ለስንት አለቀ?" እለዋለሁ። አይመልስልኝም። ጫማውን እያወለቀ "ቆይ፣ በመጀመሪያው ዙር ምን ሆነ መሰለህ" ብሎ ይጀምራል። ዘጠኙንም ዙር ሳይጨርስ ውጤት የሚባል ነገር ከአፉ አይወጣም፤ እራቱም ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ ያናድደኝ ነበር።

ሴፕቴምበር 6 ቀን 1995 ግን ታክሲው ውስጥ አብሬው ነበርኩ። የኦሪዮልሱ ካል ሪፕከን 2,131ኛ ተከታታይ ጨዋታውን ተጫውቶ ሉ ጌሪግ በ1939 የተወውን የ2,130 ክብረ ወሰን የሰበረበት ሌሊት ነው። በአምስተኛው ዙር አጋማሽ ጨዋታው 22 ደቂቃ ቆመ። ሬዲዮው ውስጥ ጭብጨባ እንጂ ሌላ ነገር የለም። አጎቴ 18ኛው ጎዳና ላይ ጥግ ይዞ ሞተሩን አጠፋ። ሁለት ተሳፋሪዎች መስኮቱን ቢያንኳኩ በእጁ አሰናበታቸው።

"ምን አድርጎ ነው?" አልኩት።

"ከሥራው ሳይቀር ስለኖረ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት።"

አጎቴ ራሱ አንድ ቀን ከሥራ ሲቀር አይቼው አላውቅም። ያጨበጨበለት ሰው ግን አልነበረም።

በእግር ኳስ ዓይን ማየት

እኛ አገር ኳስ ማለት የሚሮጥ ነገር ነው። ስለዚህ አዲስ ተመልካች ቤዝቦልን ሲያይ "መቼ ነው የሚጀምረው?" ይላል። እኔም ዓመት ሙሉ ያልኩት ይህንኑ ነው። ስህተቱ ሰዓት መጠበቅ ነው፤ ጨዋታው በሰዓት አያልቅም። እያንዳንዱ ቡድን በዘጠኝ ዙር 27 ጊዜ መቺ ወይም ሯጭ ከጨዋታ እስኪወጣበት ድረስ የመምታት ዕድል አለው። በእግር ኳስ 3 ለ 0 እየመራህ ኳሷን ጥግ ወስደህ ደቂቃ ትገድላለህ። እዚህ መደበቂያ የለም፤ ብትመራም ባትመራም ኳሷን ለባላጋራህ መወርወር ግዴታህ ነው።

እኔ ቤዝቦልን የማመሳስለው ከእድር ስብሰባ ጋር ነው። ለሁለት ሰዓት ምንም አይወሰንም፤ ሰው ያወራል፣ ያዛጋል፣ ስለ ልጆቹ ይጠያየቃል። ሻይ ልቅዳ ብለህ ስትነሣ ግን ዋናው ውሳኔ ጀርባህ ላይ ያልፋል። ስለዚህ በውርወራና በውርወራ መካከል ወሬ ማውራት ነውር አይደለም፤ ጨዋታው ለወሬ ቦታ ትቷል። እርግጥ ከ2023 ጀምሮ ወርዋሪው የሚቆጠርበት ሰዓት ተበጅቶለት፣ ቤዞቹ (ሯጮች የሚቆሙባቸው ጥጎች) ባዶ ሲሆኑ በ15 ሰከንድ ውስጥ እንዲወረውር ታዟል። የአንድ ጨዋታ አማካይ ርዝመትም ከሦስት ሰዓት በላይ የነበረው ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ግድም ወርዷል። ብዙ ሰው ደስ ብሎታል። እኔ ወሬዬን ያሳጠሩብኝ ይመስለኛል።

ለእንግዳ ደንቡን ከሀ እስከ ፐ ማስረዳት

ዋሽንግተን በ2005 ከሞንትሪያል የመጣውን ቡድን አገኘች፤ ናሽናልስ ተባለ። በ2008 ደግሞ በአናኮስቲያ ወንዝ ዳር አዲስ ስታዲየም ተከፈተለት። በዚያ በጋ እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ ስለነበር ይዣት ገባሁ፤ ማስረዳትም ጀመርኩ። መቺው ሦስት ስትራይክ (የሳታት ወይም መምታት ሲገባው ያሳለፋት ውርወራ) ከሆነበት ይወጣል፤ አራት ኳስ ከመስመር ውጪ ከተወረወረለት ግን በነፃ ይሄዳል፤ በጎን የሄደች ምት እንደ ስትራይክ ትቆጠራለች፣ ሁለት ከሞላ በኋላ ግን አትቆጠርም... እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ሜዳውን ሳይሆን እኔን በሐዘኔታ ታየኝ ጀመር።

በመጨረሻ አንድ ሯጭ ተነሣ። "ይህ ልጅ ምን አጥፍቶ ነው የሚያባርሩት?" አለችኝ።

"ያቺን ነጭ ነገር ከረገጠ ነጥብ ነው። ሆም ይሏታል፤ ቤት ማለት ነው።"

"የተነሣውስ ከየት ነው?"

"ከዚያችው።"

ትንሽ አሰበችና "እንግዲህ ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት በለኛ" አለች። ከዚያ ወዲያ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ሦስተኛው ቤዝ ላይ የቆመውን ሁሉ "ግባ እንጂ ወደ ቤትህ!" እያለች ትገሥጽ ነበር። በአራተኛው ዙር ላይ ትልልቅ የፕሬዚዳንት ጭምብል ያጠለቁ አራት ሰዎች ሲሽቀዳደሙ ሩዝቬልት እንደ ልማዱ ተሸነፈ፤ ሁልጊዜ እንደሚሸነፍ ስነግራት አንጀቷን በላት። በኦክቶበር 2012 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሸንፍ ደውዬ ነግሬያት በስልክ እልል ብላለች።

ሁሉንም ለማየት መሞከር

አንድ ቡድን በአንድ የውድድር ዘመን 162 ጨዋታ ያደርጋል። በ2005 "አሁንማ የራሳችን ቡድን መጣ" ብዬ አንድም ላያመልጠኝ ወሰንኩ። እስከ ሐምሌ ቡድኑ ምድቡን ይመራ ነበር፤ እኔም እንቅልፍ አጥቼ ተከተልኩ። ከዚያ ወደቀ። ዘመኑን 81 አሸንፎ 81 ተሸንፎ ጨረሰ፤ ያን ሁሉ ሌሊት የገበርኩት ዜሮ ለዜሮ ለመውጣት ነበር ማለት ነው። ጎበዝ የሚባለው ቡድን እንኳ ስልሳ ጊዜ ግድም ይሸነፋል፤ በእያንዳንዱ ሽንፈት እራትህን የምትተው ከሆነ ክረምት ሳይገባ ትከሳለህ።

ከቁጥር መሸሽ

ቁጥሩ ብዙ ነው፤ መፍራት ግን አያስፈልግም። አንዲት ሽማግሌ ፈረንጅ ከጎኔ ተቀምጠው በእርሳስ ሲመዘግቡ ባላይ ኖሮ እኔም እንደሸሸሁ እቀር ነበር። እያንዳንዱ የሜዳ ቦታ ቁጥር አለው፤ "6-4-3" ብለው ሲጽፉ ኳሷ ከማን ወደ ማን ሄዳ ሁለት ሰው እንዳስወጣች ያሳያል። ዱላውን ሳይሰነዝር ቆሞ በሦስተኛው ስትራይክ ለወጣ መቺ "ኬ" የምትባለውን ፊደል ገልብጠው ይጽፋሉ። ፊደሏ ፊቷን ያዞረችበት ትመስላለች። ለተራ ደጋፊ ከዚህ ሌላ አንድ ነገር ቢጨመር ይበቃል፦ ከአሥር ሙከራ ሰባቱን የሚስት መቺ እዚህ አገር ኮከብ ነው። ከአሥሩ አራቱን አግኝቶ ዘመኑን የጨረሰ ሰው በሁለቱ ዋና ሊጎች ከቴድ ዊሊያምስ ወዲህ አልታየም፤ እሱም በ1941 ነው።

ሁለት ቡድን በመውደድ ማፈር

ባልቲሞርንም ዋሽንግተንንም እወዳለሁ። በተለያየ ሊግ ስለሆኑ እምብዛም አይገናኙም። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል።

ቀድሞ መውጣት

የሚቆጨኝ ይህኛው ነው። ኦክቶበር 12 ቀን 2012፣ ዓርብ ማታ፣ ናሽናልስ ከሴይንት ሉዊስ ካርዲናልስ ጋር የጥሎ ማለፍ ተከታታይ ግጥሚያቸውን አምስተኛና የመጨረሻ ጨዋታ ያደርጋል። በሦስተኛው ዙር 6 ለ 0 እንመራ ነበር። ስምንተኛው ሲያልቅ 7 ለ 5። ማለዳ ሥራ አለብኝ፣ ባቡሩም ይጨናነቃል ብዬ ተነሣሁ። ኔቪ ያርድ ጣቢያ ስወርድ ከላይ ጩኸቱ ይሰማኝ ነበር። ባቡሩ ውስጥ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሰውዬ ስልኩን አፍጥጦ ያያል። ቆየና ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። መጠየቅ አላስፈለገኝም። ለድል አንድ ስትራይክ እስኪቀር ደርሰው፣ በዘጠነኛው ዙር አራት ነጥብ ገብቶባቸው 9 ለ 7 ተሸነፉ። የተሸነፉት እኔ ባልኖርበት ነው፤ ለዚያች ሌሊት ማዘን እንኳ መብቴ አይመስለኝም።

በ2019 ስለዚህ አልተነሣሁም። ቡድኑ ዘመኑን በ19 ድልና በ31 ሽንፈት ጀምሮ፣ ሁሉም ተስፋ ከቆረጠበት በኋላ ለዋንጫ ደርሶ ነበር። ኦክቶበር 30፣ ሰባተኛው ጨዋታ፣ ሂውስተን ላይ። የሂውስተኑ ቡድን አስትሮስ እስከ ስድስተኛው ዙር 2 ለ 0 መራ። ልጄ በፒጃማ ሶፋው ላይ እንቅልፍ እየጣለው ነው። በሰባተኛው አንተኒ ሬንዶን አንዷን መለሰ፤ ከዚያ ሀዊ ኬንድሪክ የመታት ኳስ የቀኙን ቢጫ ምሰሶ ቋ አድርጋ መታች። ምሰሶውን የነካች ኳስ ሆም ረን ናት፤ መቺውም ቤዝ ላይ የቆመው ጓደኛውም ወደ ቤት ይገባሉ። 3 ለ 2፤ በመጨረሻም 6 ለ 2። ልጄ ከእንቅልፉ የነቃው በእኔ ጩኸት ነው።

ጡረታ ከወጣ ወዲህ አጎቴ በጊዜ ይተኛል። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ስልኬ ጠራ።

"ቴሌቪዥን አልከፈትኩም፣ ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም" አለኝ። "ስድስተኛው ዙር ላይ ነው እንቅልፍ የወሰደኝ። ውጤቱን እንዳትነግረኝ፤ ከሰባተኛው ጀምር።"